ከእናቴ ጋር እኩያ የሆንኩበት ዓመት

ኖርዌይ የገባሁ ሰሞን ቅጽ ስሞላ የልደት ዓመቴን በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩት። ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩ። በአንድ እስክሪብቶ ስምንት ዓመት አረጀሁ። ግድም አልሰጠኝ፤ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር የማጸዳው ትምህርት ቤት ወለሉ ዕድሜ አይጠይቅም።

ጣጣው የመጣው አገር ቤት ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ያላየኋትን እናቴን ለጉብኝት ልጠራት ስል ነው። የወለደችኝ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእሷ ፓስፖርት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል የተጻፈ ነው። ከኢሚግሬሽን ቢሮ መልስ መጣ፦ በሰነዱ መሠረት እናትሽ አንቺን ስትወልድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አልተፈቀደም።

እዚሁ የተወለደችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጄ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ተቀመጠች። ኖርዌይኛው እያለ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አለች። ‘ሬክቲፋይ’ የሚል ቃል አግኝታለች።

«‘ኮሬክት’ አድርጉልኝ ብንል አይበቃም?» አልኳት።

«ኔይ፣ አይበቃም ማሚ! ኮሬክት መምህር ፈተና ላይ የሚያደርገው ነው። ሰውም ኮሬክት ይደረጋል። ሬክቲፋይ ግን የተበላሸውን ነገር ራሱን ማስተካከል ነው። የሚስተካከለው ስህተቱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ቃሉን ወደድኩት። ለካ ጥፋቱ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው ሊቆም ይችላል! «የስምንት ዓመቱ ልዩነት ሬክቲፋይ ይደረግልን» ብላ ጻፈች። ወደየት በኩል እንደሆነ መጻፉን ግን ሁለታችንም ረሳነው።

ከአራት ወር በኋላ ስህተቱ ታርሟል የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ስምንቱን ዓመት በመቀነስ ፈንታ ጨምረውብኛል። እኔና እናቴ በአንድ ዓመት የተወለድን እኩዮች ሆነን አረፍነው። ልጄ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የእኔ ቆሽት አረረ። የሰባ ዓመት እናቴ ስንት ደብዳቤ ትጠብቃለች?

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«እንግዲያው ጓደኛሞች ነን በያቸዋ!» አለች።

እሷ መቀለዷ ነው። ልጄ ግን እሷ ሶክናድ የምትለውን ማመልከቻ እንደገና ከፈተችና ‘ዝምድና’ በሚለው ክፍል ‘ጓደኛ’ የሚለውን መረጠች። በሦስት ሳምንት ተፈቀደ። ለእናት የጠፋ ፈቃድ ለጓደኛ ተገኘ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

አየር ማረፊያው ቆሜ ጠበቅኳት። በሩ ተከፈተና ነጠላዋን እንደተከናነበች ብቅ አለች። እግሯን ልስም ጎንበስ ስል ሻሼ ከራሴ ወለቀ። ቀና አድርጋ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ፀጉሬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ እንደገና ፀጉሬን አየች።

«ውይ ልጄ» አለች፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»