ጉድጓዱና የአባቴ ይሉኝታ

ሰሊጥ የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ሰዎች ወደ መንደራችን የመጡ ዕለት ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። መተማ ዮሐንስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የተወለድኩት ግን ከሽንፋ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። «የአገሩ ልጅ ብትሆን ይሻላል» ብለው ወሰዱኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም። እናቴ በበጋ አህያዋን እየነዳች ወንዝ ወርዳ፣ አሸዋ ቆፍራ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን በጣሳ እየቀዳች ጀሪካን ስትሞላ ዕድሜዋን ፈጅታለች። ኩባንያው ጉድጓድ ሊያስቆፍር እንዳሰበ መኪና ውስጥ ስሰማ እሷው ነበረች ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው።

ወንዶቹ ሜዳው ላይ ተሰብስበው ጠበቁን። አባቴ ሽማግሌ ስለሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ብድግ ብሎ፣ «እንደው ፀሐይ ላይ አስቀመጥናችሁ፤ ጥላ እንኳ የለን፤ አፈርን» አለ። እንግዳ ሲመጣ የሚባል ነው። ተረጎምኩት። የኩባንያው ተወካይ፣ ረጋ ያለች ፈረንጅ፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ቀጥላም፣ «የውኃ ጉድጓድ ብናስቆፍርላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኧረ ምን በወጣችሁ! ወንዙም አለ፤ እኛም ለምደነዋል። አትቸገሩ።»

ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ጋ የሰጡትን ባንዴ መቀበል ነውር ነው፤ ስግብግብ ያሰኛል። ሰጪው «በሞቴ» ይላል፣ ተቀባዩ ያንገራግራል፤ እንደገና «በሞቴ» ሲባል እያቅማማ እጁን ይዘረጋል። አባቴ ይጠብቅ የነበረው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። እኔም ያለውን ቃል በቃል ተርጉሜ፣ ሴትዮዋ እስክትለምነው ጠበቅሁ።

«ምርጫችሁን እናከብራለን» አለች። ጻፈችና ደብተሯን አጠፈች።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? «እሱ እኮ ይፈልጋል፤ ደግመሽ ጠይቂው» ብላት አባቴን በሰው ፊት ያዋረድኩት መሰለኝ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ መናገር የነበረበት ግን ማን ነው፣ እሱ ወይስ እኔ? አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ ዛሬም አልገባኝም።

ጉድጓዱ ከወንዙ ማዶ ላለው መንደር ተቆፈረ። እነሱ ምን ብለው እንደመለሱ አላውቅም፤ ይሉኝታ ከእኛ ያንሳቸዋል ብዬ ግን አላምንም። ለእኛ ደግሞ ሜዳው ላይ የቆርቆሮ ዳስ ተሠራልን። ፊት ለፊቱ «በማኅበረሰቡ ጥያቄ የተሠራ» የሚል ታፔላ ተተክሏል። ማን ጠየቀ? መንደሩ ብዙ ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ እኔ ነኝ፦ «ጥላ እንኳ የለን፤ አፈርን።» ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ልቅሶም ቃጣኝ። በዚህ ቆላ፣ በእኩለ ቀን፣ ቆርቆሮ ሥር ማን ይቀመጣል? ፍየሎቹ እንኳ ሞክረው ተዉት።

ሴትዮዋን ልወቅሳት አልቻልኩም። ቅን ነበረች፤ ያልናትን አንድም ሳታስቀር ሰምታለች።

አንድ ቀን እናቴ ጀሪካኑን ከአህያዋ እያወረደች፣ «ለመሆኑ ምን ብለሽ ነገርሻት?» አለችኝ።

«አባየ ያለውን።»

«እሱ ያለውንማ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ባለፈው ሚያዝያ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ በእግሬ ስደርስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። አባቴ እናቴ ያመጣችውን ውኃ በጣሳ ቀድቶ ዘረጋልኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ፤ ለእማየ ይቆያት» አልኩ፣ ለወጉ ያህል።

ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ ሳቅም ፈለግሁ፤ አንዱንም አላገኘሁም።

«እሽ» አለና ውኃውን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ወደ ጀሪካኑ መለሰው።

እኔም «በሞቴ» እስኪለኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።