ያልጠፋችው ፍሬቻ

የፋብሪካው ሰርቪስ ሾፌር ዛሬ ጠዋት መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። የአውቶቡሱን የቀኝ ፍሬቻ ታበራና ወርዳ ታያለች፤ ትገባና የግራውን ታበራለች፤ ደግሞ ትወርዳለች። አምስት ጊዜ! የግቢው ዘበኛ ታከተው።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ልታጅቢ ነው እንዴ?»

«ይልቅ ከኋላ ቁምና መብራቱን ንገረኝ።»

«በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። አሁንስ ዓይኔም ሊጠፋ ነው!»

ምን ታድርግ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። በሞተር ሳይክል መድኃኒት የሚያደርሰው ታናሽ ወንድሟ ከሦስት ወር በኋላ ዛሬ ሥራ ጀምሯል። እግሩን የሰበረችው ደግሞ እሷው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ቀን አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። እሱን አልፋ ወደ መስመሯ ስትመለስ የቀኝ ፍሬቻ አበራች፤ ደግ አደረገች። ግን መሪው ብዙ ካልዞረ ፍሬቻ በራሱ አይጠፋም፣ በእጅ መመለስ አለበት። እሷ ሆዬ ከተሳፋሪዎቿ ጋር ስትሳሳቅ ያቺን ቀጭ ቀጭ ማን ይስማት! ፍሬቻው እንደበራ ቀጥ ብላ ነዳች። ወንድሟ በቀኝ በኩል ካለው ቅያስ ሊወጣ ቆሞ ነበርና፣ ወደሱ የምትታጠፍ መስሎት ወጣ። አልታጠፈችም።

«የማላውቀው ሾፌር ቢሆን አልወጣም ነበር» አላት ሆስፒታል ተኝቶ።

እንቅልፍ የነሳቻት ይቺ ቃል ናት። ይቅርታውንማ አግኝታለች። እሷ የምትፈልገው እንደ ድሮው እንዲያምናት ነው።

ዛሬ በዚያው ቅያስ የሚሳፈሩ አዲስ ሠራተኞች ስላሉ መታጠፍ አለባት። ስትቃረብ ወንድሟ ሄልሜቱን አጥልቆ እዚያው ቅያሱ አፍ ላይ በሞተሩ ቆሟል። ገና ከሩቅ ፍሬቻ አበራች፣ ስፖኪዮ አየች፣ ፍጥነት ቀነሰች። በል ውጣ፣ አለች በሆዷ። አልወጣም። ኧረ ውጣ፣ ወንድምዬ! አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ጎማዋን ያያል። ከኋላዋ ያለው ታክሲ ክላክሱን አንባረቀባት። ታጠፈችና አጠገቡ ስትደርስ መስኮቱን ከፈተች።

«ፍሬቻዬ አልታየህም?»

«ታይቶኛል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ጎማሽ እስኪታጠፍ። ካሁን በኋላ የማንንም ፍሬቻ አይቼ አልወጣም።»

«የኔንም?»

«ያንቺንማ በተለይ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። እንዲህ ከተጠነቀቀ ክፉ አያገኘውም ብላ ደስ ልትሰኝ ሞከረች፤ ግን ከፋት፣ በጣም ከፋት። እሱ ፍሬቻውን አብርቶ፣ ግራ ቀኙን ሁለት ሁለት ጊዜ አይቶ ሄደ።

እጇን ወደ ፍሬቻው ሰደደች። መሪው ሲመለስ በራሱ አጥፍቶታል። ቢሆንም እንደገና ነካችው።