ጅብ በላው የተባለው ፈረስ

የምሥራች ኪዳኑ ከዳንግላ ስትነሣ ጀምራ እርር ትክን እንዳለች ነው። በየትኛው እንደምትናደድ ራሷም አልለየችውም። ሞተሩ ያጨሳል፤ የጭስ ማውጫው በሽቦ ታስሯል። ባሏ እንዳልካቸው ደግሞ ከፊቷ ተደላድሎ ያፏጫል። አቧራ አፉ ውስጥ እየገባ የሚያፏጭ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ አይታለች፤ አግብታዋለች።

"በአስፋልቱ አንሄድም ወይ?" ብላ ጀርባው ላይ ጮኸች።

"ሽርሽር እኮ ነው ምሥሬ! አገር እንይ እንጂ!"

አገር! ተወልዳ ያደገችበትን አገር ከደጀን የመጣ ሰው ሊያሳያት! እውነቱን ታውቀዋለች፤ መንጃ ፈቃድ የለውም። ትራፊክ የሚቆመው አስፋልቱ ላይ ስለሆነ ነው እሷ ለከሰል በተተከለ የዲከረንስ ዛፍ መሀል፣ ከሰል የጫኑ ጋሪዎች በቦረቦሩት መንገድ ወገቧ እስኪቀነጠስ እየነጠረች የምትሄደው። አዲስ ቅዳምን በጓሮ አልፈው፣ ሁለቴ መንገድ ስተው፣ አንዴም አንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ገብተው ተሰድበው ወጡ። ስድቡ በአዊኛ ስለነበር እንዳልካቸው ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበ።

ሽርሽሩን ያሰበው እሱ ነበር። "ከተጋባን ስምንት ዓመታችን፤ አንድ ቀን እንኳ ወጥተን አናውቅም። ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅን፣ እሑድ ጥርባን እናያለን። እንጅባራ እናድራለን" አላት። ዕቁብ ወጣልኝ ብሎ ሞተሩን የገዛው በዚያው ሰሞን ነው። ሊብሬውን የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጦ፣ "አንብቢው፤ በማን ስም ነው?" አለ። በእሷ ስም ነበር። መታወቂያውን ሳያሳድስ ጊዜው ስላለፈበት መሆኑ አልጠፋትም፤ እሱ ግን ስጦታ አስመስሎ አቀረበው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የምሥራች ልብስ ሰፊ ናት። ዳንግላ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ካያችሁ ግማሹን የሰፋችው እሷ ናት። ከመርፌ በፊት ግን የያዘችው ልጓም ነው። አባቷ አቶ ኪዳኑ ፋግታ ውስጥ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ በፈረሳቸው ስም አባ ቦጋለ ነው የሚባሉት። ወንድ ልጅ አልወለዱም፤ አልወለድኩም ብለውም አላዘኑም። በሰባት ዓመቷ ኮርቻ ላይ አወጧት። እናቷ "ልጄን ሊገድላት ነው!" ብላ ስትጮህ፣ "ፈረሱ የሚያደርገውን ያውቃል፣ አንቺ ዝም በይ" አሉ።

አምና ግንቦት አልጋ ላይ ሳሉ እጇን ይዘው፣ "ጥር ሃያ ሦስት በበዓሉ ፈረሰኛው ሲሰለፍ ቦታዬ ባዶ እንዳይሆን። አንቺ ውጪበት" አሏት። በጊዮርጊስ ማለችላቸው። በሦስተኛው ቀን ቦጋለ ተጭኖ፣ የሟቹ ካባ ተደርጎበት በለቅሶው መሀል ዞረ። እሷም ፈረሱን ዳንግላ አምጥታ ጓሮዋ አሰረችው። ማታ ማታ ከዩኒፎርም የተረፈ ቁራጭ እየቀጠለች ኮርቻው ላይ የሚደረብ ግላስ ሰፋችለት፤ ቡናማና ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩን በቢጫ ክር። አንደኛው ጥግ ላይ ቢጫው ክር አልቆባት በነጭ ጨረሰችው።

ኅዳር ላይ ጨርቅ ልትገዛ ባሕር ዳር ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። ስትመለስ ጓሮው ውስጥ የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነበር።

"ጅብ በላው" አለ እንዳልካቸው። "ውርጭ ስለነበር ግላሱን አልብሼው ነበር፤ እሱም ተበጣጥሷል። አጥንቱን ወንዝ ዳር አገኘሁት። አንቺ እንዳታይው ብዬ ቀበርኩት።"

መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። ይህን ያዙልኝ፤ እንባ አውጥቶ አልቅሷል።

ዘንገና ሲደርሱ ረፋድ ሆኗል። ሐይቁ ጫካውን ዙሪያውን ለብሶ ከታች ድምፁን አጥፍቶ ተኝቷል። የምሥራች ከሞተሩ ወርዳ ወገቧን ይዛ አየችው። እውነት ለመናገር አመጣጧን ረስታ ልትደሰት ምንም አልቀራትም ነበር። ከላይ ሜዳው ላይ ሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ተሰብስበዋል፤ ለፎቶ የሚከራዩ ያጌጡ ፈረሶችም ተደርድረዋል።

"ነይ ምሥሬ፣ በፈረስ ላይ ፎቶ ላንሣሽ!" አለ እንዳልካቸው። "ፈረስ ትወጃለሽ አይደል?"

ወደ ፈረሶቹ ዞረች። ሦስተኛው ላይ ዓይኗ ቆመ። ቡናማና ሰማያዊ፣ ዳሩ ቢጫ። ሄዳ ጥጉን ገለጠችው፤ ነጭ ክር ነው። ፈረሱን ቀና ብላ ሳታየው፣ አባቷ ይጠሩት እንደነበረው በአዊኛ ጠራችው። ጆሮው ቀጥ አለ። አንገቱን አዙሮ አፍንጫውን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠ።

እንዳልካቸው ስልኩን እንደደገነ ክው አለ።

"ፈረስ እኮ… ይመሳሰላል" አለ።

"ግላስም ይመሳሰላል?"

"ደላላው ጫግኒ ነው የማወርደው ብሎኝ ነበር እኮ!" አመለጠው። ካመለጠው በኋላ አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው!

የምሥራች ደሟ ፈላ። ሸጠህብኝ ብላ ብቻ አይደለም የተናደደችው። ሰው ይሸጣል፣ ቸገረኝ ይላል፣ ይታረቃል። "አልቅሰሃል!" አለችው። "አጠገቤ ተቀምጠህ አልቅሰሃል! የማንን አጥንት ነው የቀበርከው? ንገረኝ፣ የማንን? አባቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው የለመኑኝን፣ በጊዮርጊስ የማልኩበትን፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ በዚህ ጭሳም ብረት ለወጥከው! በላዩም አስቀምጠህ አቧራ እያቃምክ አመጣኸኝ!"

"ለኛ ብዬ ነው…"

"ለኛ አትበለኝ! እኛ የሚባል ሰው እዚህ የለም!"

ተማሪዎቹ ስልካቸውን አወጡ። ይቅረጹ! እሷ ደንታም አልሰጣት።

ጩኸቱን ሰምቶ የፈረሱ ባለቤት መጣ፤ አያ ዓባይነህ፣ ሽበት የጣለበት የባንጃ ሰው። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አላት በአዊኛ። እሷም በአዊኛ ሁሉንም ነገረችው፤ ጅቡን፣ አጥንቱን፣ እንባውን፣ ጥር ሃያ ሦስትን።

"የአባ ቦጋለ ልጅ ነሽ?" ባርኔጣውን አወለቀ። "እኔ ምኑን አውቄ! ይህ ፈረስ ለፎቶ አልቆምም ብሎ አንገሽግሾኛል። ትናንት አንዱን ተማሪ ጥሎ እናቱን አስጠራው። ግን ልጄ፣ ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ ነው የገዛሁት። በባዶ እጄ አልሰጥሽም።"

"በባዶ እጅ ይስጡኝ ማን አለዎት?" አለችና በአገጯ ሞተሩን አሳየችው።

እንዳልካቸው አዊ ምድር ስምንት ዓመት ኖሮ አንድ ቃል አልያዘም። "ሁሉም አማርኛ ይችላል፤ ምን ያደርግልኛል?" ነበር የሚለው። አሁንም ድምጿ ዝቅ ሲል በረደላት ብሎ ተነፈሰ። አያ ዓባይነህ ሞተሩን ዞሮ አየ፣ ጎማውን ጫን ጫን አደረገ፣ የታሰረችውን ሽቦ ነካ ነካ አደረጋት። እንዳልካቸውም ሽማግሌውን ወዳጅ ለማድረግ ጥሩ አጋጣሚ የመጣ መሰለው።

"ጥሩ ሞተር ነው አባባ!" አለ። "ሽቦዋን አይዩዋት፣ ምንም አትልም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣ ቢያዩ! ይስሙት፣ ይስሙት!" ራሱ ቁልፉን አዙሮ አስነሣለት። ሞተሩም የዛሬን ብሎ ሳያጨስ ተነሣ።

"ይሁን" አለ አያ ዓባይነህ በአዊኛ።

የምሥራች ሊብሬውን ከቦርሳዋ አወጣች። ከአንዱ ተማሪ ወረቀት ተቀብላ ውሉን ጻፈች፤ ሁለት ሰው ምስክር ሆኖ ፈረመ። ሰኞ ዳንግላ መጥተው ስሙን ሊያዛውሩ ተስማሙ። እንዳልካቸው ሞተሩን እያስጮኸ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ነበር፤ የገባው አያ ዓባይነህ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ሲከተው ነው።

"ኧረ! ምንድን ነው ይሄ? ሞተሬን!"

ሊብሬውን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። "አንብበው። በማን ስም ነው?"

አነበበው። ወደ አያ ዓባይነህ ዞሮ የሆነ ነገር ሊለምን ሞከረ፤ ሽማግሌው በአዊኛ መለሰለትና ሄደ። አማርኛ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

የምሥራች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን እርካብ ውስጥ አስገባች፣ ወጣች። ቦጋለ ከሥሯ ዞር ዞር አለና ረጋ። ንዴቷ እንዳለ ነው፤ ግን ወገቧ ቀጥ ብሏል።

"እኔስ?" አለ እንዳልካቸው፤ ሄልሜቱን በሁለት እጁ አቅፎ። "እኔ በምን ልሂድ? ምሥሬ! ኧረ ሰው ምን ይላል? ዳንግላ ስትደርሺ ባልሽስ ቢሉሽ ምን ልትያቸው ነው?"

"ጅብ በላው እላቸዋለሁ" አለች።

ፈረሱን ወደ ፋግታ አዞረችው። ጥር ሃያ ሦስት ሊሆን ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።