ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ

አስተማሪ ከሚያስተምረው ሁሉ የመንገድ ደኅንነትን የመሰለ ቀላል ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ማባዛት አይደል፣ ንባብ አይደል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ ይሄዳል፣ ከፊቱ የሚመጣውን ማኪና እንዲያይ። በቃ። አምባ ጊዮርጊስ ተመድቤ ሁለተኛ ክፍልን ስረከብ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ትምህርት ቤታችን ከአስፓልቱ ዳር ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው የጭነት ማኪና ሁሉ በአጥራችን ሥር ያልፋል። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከገጠር መንደሮች የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው፣ ያውም ቀኛቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ምን እንደሚመጣ ሳያዩ።

ግቢው ውስጥ በአመድ መንገድ አሰመርኩላቸው። ከፊላችሁ ማኪና፣ ከፊላችሁ እግረኛ ሁኑ ብል ሁሉም ማኪና ሆነ፤ እግረኛ የሚሆን ጠፋ። ለምኜ እግረኛ አስገኘሁ። ደግሞ ግራ እጃችሁን አንሡ ስል ግማሹ ቀኙን ያነሣል። «የምትበሉበት ቀኝ ነው፤ የቀረው ግራ» አልኳቸው። ይኼኔ በቁመት ከሁሉም የምታንስ፣ ምላሷ ግን ከሁሉም የሚረዝም አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እናቴ ጧት ጧት ‹ቀኝ ያውልሽ› ብላ ነው የምትሸኘኝ። እርስዎ ደግሞ በግራ ሂዱ ይሉናል። የማንን ልስማ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእኛ አገር ግራ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። መላው የጠፋበት ሰው ግራ ገባው ይባላል፤ ሲነጫነጭ የዋለ በግራ ጎኑ ተነሥቷል። በፍርድ ቀን ኃጥአን የሚቆሙትም በግራ ነው። እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያደግሁ የከተማ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቁና አመድ ላጠፋው ተነሥቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቱ አባት ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ክፍሌ ደጃፍ ድረስ መጡ።

«ምነው መምህር? ልጆቹን በግራ የምትሰዳቸው ምነው? ግራ መቼም ሸጋ ነገር አይደለም።»

ቁጡ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ አንዴ በልጆቹ ፊት ጀምሬዋለሁና ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «አያ፣ ጅብ ከፊት ቢመጣ ይሻላል ከኋላ?» አልኳቸው።

«ከፊት ነዋ። ባየው እመክተው የለ!»

«ማኪናም ያው ጅብ ነው።»

አስፓልቱን አተኩረው አዩት። «እውነትክን ነው» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ የመንደሯን ልጆች አስከትላ በግራ በኩል ከፊት ትመጣ ጀመር። ቀኝ የያዘ ካየች ትጮኽበታለች። አልዋሽም፣ ኮራሁ። ቅዳሜ ማራኪ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ እስኪሰለቻት አወራሁላት።

ያ መንገድ፣ የጊዜው ነገር ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ይዘጋል። ሲዘጋ አስፓልቱ የልጆችና የአህያ ይሆናል። ሲከፈት ቆሞ የሰነበተው ማኪና ሁሉ በአንዴ ይለቀቅና የባከነበትን ቀን በአንድ ጧት ሊያካክስ ይሽቀዳደማል። እንዲህ ባለ ጧት ነው። ልጅቱ ግራዋን ይዛለች። ከፊቷ የሚመጣ ምንም አልነበረም። ከኋላዋ የመጣ የጭነት ማኪና ሌላውን ሊቀድም መስመሩን ለቆ ወደ ግራ ወጣ። ለዚህ የሚሆን ዓረፍተ ነገር አላስተማርኳትም። ያለም አይመስለኝም።

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ «በቀኙ ያቁማት» ይላል። ለሟች የሚባል ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የክፍል ጓደኞቿ ግን አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። በቀኙ ያቁማት በተባለ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል። አባቷ ሊያጽናኑኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ፣ ትከሻዬን ያዙ። «አንተ ምን ታደርግ መምህር፣ ዕድሏ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ትምህርት ሲቀጥል ልጆቹ አንድ ሳይቀሩ ቀኛቸውን ይዘው መጡ። እንደገና አስተማርኩ። ያስተማርኩት ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው፤ በአንድ ሾፌር ጥድፊያ ሕጉ ሐሰት አይሆንም። ይህን ግን የሟች ጓደኛቸውን ባዶ ቦታ እያዩ ለተቀመጡ ሕፃናት እንዴት ብዬ ላስረዳ? «ግራችሁን ያዙ» ስል ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። የሚከራከረኝ የለም። ትከራከረኝ የነበረችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ሲለቀቁ ተከትያቸው ወጣሁ። እነሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ መሃላችን አስፓልቱ። ጥቂት እንደሄድን «ወዲህ ተሻገሩ» ብዬ ጮህኩ። ቆሙ። አንዷ እንባ ባቀረረ ዓይኗ «ቲቸር፣ እዚያ አይሂዱ፤ እርስዎ ይምጡ» አለችኝ። የፈራችው ለእኔ ነበር።

ግራና ቀኝ አይቼ ተሻገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ግራ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ከእነሱ ጋር በቀኝ እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ ለልጆቹ ተሸነፈ ብለው ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። ልጆቹን አስቀድማለሁ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ እሆናለሁ። ከኋላ የሚመጣ ማኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።