ማንም አላስተማረኝም

ጸጉር መቁረጥ ያስተማረኝ አጎቴ ነው። አምስት ዓመት ቤቱን እየጠረግኩ፣ ጣቴን በማበጠሪያ ጀርባ እየተመታሁ ተማርኩ። ትምህርት ቤት ግን አላስገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት፣ የእንግሊዝኛውንም፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ከመጋዘን ሥራ መልስ ነው። አጎቴን አልወደውም፤ ሞቶም አልወደውም።

ሬይኖልድስበርግ ያለ አንድ ጸጉር ቤት ባዶ ወንበር ነበረው። ባለቤቱ «ላይሰንስህን ይዘህ ና፣ ያንተ ነው» አለኝ። ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ግን «ሕጉ ሥልጠና ሲል የትምህርት ቤት ሥልጠና ማለቱ ነው» ብሎ መለሰኝ። አቤት አልኩ። አስምለው «ማን አሠለጠነህ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ማንም! ራሴው ነኝ የተማርኩት» አልኩ። ለዚያ አጎቴ ምስጋና ልስጥ? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወንድ ይከበራል። እዚህ ቃሉ ይመዘገባል። ፈቃዱንም ከለከሉኝ።

ለፍርድ ቤት ያልኩትን ይግባኝ በነጻ የያዘችልኝ ጠበቃ እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ ጋሼ እያለች አንተ ትለኛለች። አንድ ቀን ኮል አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ ጉድ ኒውስ! ድሮ ኦሃዮ ውስጥ ዳኛው መሥሪያ ቤቱ ሕጉን ያነበበበትን መንገድ ነበር የሚቀበለው። አሁን ተቀይሯል። ራሱ ያነባል።»

«ድሮ ማንበብ አይችልም ነበር?»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም። ስንት ዓመት ደብዳቤዬን ሌላ ሰው እያነበበልኝ፣ ያለኝን አምኜ ፈርሜያለሁ።

«ያቺ ‹ማንም› ያልካት ቃልህ ብቻ ታስፈራኛለች» አለች። አልሰማኋትም። ሞኝ ነኝና ተስፋ አደረግኩ።

ፍርዱ ሲመጣ «ላንብብልህ?» አለች።

«ስጪኝ። ውጤቱንም እንዳትነግሪኝ።»

በሥራ እረፍት ላይ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዳኛው እውነትም ራሱ አንብቧል። ሕጉ ሥልጠና ይላል እንጂ ትምህርት ቤት አይልም፤ ከባለሙያ ሥር የተማረም ሠልጥኗል ይላል ፍርዱ። ደግሜ አነበብኩት። ከሥሩ ግን፣ አመልካቹ ማንም እንዳላሠለጠነው ምሎ ተናግሯል፣ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቃሉን ፍርድ ቤቱ አይነካም ይላል። ተሸነፍኩ።

«አሁን አጎቴ ነው ብላቸውስ?» አልኳት።

«ወይ ያኔ ወይ ዛሬ ዋሽተሃል ይሉሃል። ግን ጋሼ፣ ለሌሎች በር ከፍተሃል።»

ለሌሎች! ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽም።

ወንበሩ ላይ አሁን ሌላ ያገሬ ልጅ ቆሟል። ሙያውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ ሲጠይቁት እንደዚያው አለ፤ በእኔ ፍርድ ላይሰንስ ሰጡት። ጸጉሬን የሚቆርጠኝ እሱ ነው። ከጆሮ ኋላ ያዛባል።

ባለፈው «ጋሼ፣ እርስዎም ሙያው አለዎት አሉ። ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

«አጎቴ። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለ፣ መቀሱን እንደያዘ።

አሜን አላልኩም።