ከዳገት በኋላ ሞተር ማጥፋት

ያን ጠዋት ወደ ጋራዡ የሄድኩት ሾፌሬን ለማሰናበት ነበር። የስንብት ደብዳቤውን በራሴ እጅ ጽፌ፣ ለሁለት አጥፌ፣ ከባለቤቴ ደብተር መሃል አድርጌ በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። የቀረው የመኪናዋ ቱርቦ ሲፈተሽ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር።

የጭነት መኪናዋን የተወልኝ ባለቤቴ ነው። ከጨለለቅቱ የደረቀ ቡና ወደ ዲላ ታመጣለች፤ ስትመለስ ጨውም ሲሚንቶም፣ የተገኘውን ትጭናለች። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ስምንት ዓመት የነዳት ይኸው ሾፌር ነው። ከወር በፊት ጎማ ሊያስቀይር ሐዋሳ ወስዷት ሁለት ቀን ቆየ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክም ጀመር። ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ዘይት ትጨርሳለች።

እንደኔው መኪና ያላቸው አንድ ጎረቤት ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሐዋሳ አድሮ ከመጣ ቱርቦሽን እዪው። ደህናውን ፈተው ይሸጡና ያረጀ ይገጥማሉ» አሉኝ። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚገፋ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። እንዳይለወጥብኝ ብዬ ከዓመት በፊት የልጄን የጥፍር ቀለም ነካ አድርጌበት ነበር። ሄጄ ባየው ቀለሙ የለም። ደብዳቤውን የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው።

መካኒኩ ሃምሳውን ያለፈ፣ መነጽሩን በሲባጎ ያሰረ ሰው ነው። ካቢናውን ወደ ፊት ደፍቶ ሞተሩን ገልጦታል። ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከጎኑ ቆሟል።

«እማማ፣ ወንበር ይምጣልዎት?» አለኝ መካኒኩ።

«ቆሜ አያለሁ።»

«እንግዲያው ነጠላዎን ሰብሰብ ያድርጉ። እኔ ዘንድ ነጭ ለብሶ የመጣ ጥቁር ለብሶ ነው የሚመለሰው።»

አየር የሚያስገባውን የላስቲክ ቱቦ በካቻቢቴ ፈታና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ በዘይት ተነክሮ ወጣ። ጭንቅላቱን ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ የቱርቦውን ዘንግ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ወዘወዘው።

«እንዲህ ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ምንም አይደል፤ አዲሱም ይነቃነቃል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን መሄድ የለበትም። ይስሙት።»

ገፋው። ቀጭ አለ። ሳበው። እንደገና ቀጭ አለ።

«ይንኩት እስቲ።»

ነካሁት። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ እጄ ላይ ተንቀሳቀሰ። በባትሪ ሲያበራልኝ አየር የሚገፉት ክንፎች ጫፍ የቱርቦውን ግድግዳ እየፋቀ ተልጎ ያብረቀርቃል።

«ይህ ቢሰበር ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ መሮጥ ይጀምራል» አለ መካኒኩ። «ያን ጊዜ ቁልፍ ብታዞርም አይጠፋም። ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ላይ ከሆንክ ደግሞ...» ሾፌሩን አየውና ሳይጨርሰው ተወው።

እኔ ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። ደብተሩን አወጣሁ። ባለቤቴ መኪናዋን ሲገዛ የየዕቃውን ቁጥር እዚያ ላይ ገልብጦ ነበር።

«ቱርቦው ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» አልኩት።

መካኒኩ በናፍታ የራሰ ጨርቅ አንስቶ ትንሿን የብረት ሰሌዳ ወለወለና ቀስ እያለ አነበበ። እኔ በጣቴ ደብተሩ ላይ እከተለዋለሁ። ሲጨርስ፣ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተለወጠም። ቱርቦው ባለቤቴ የተወልኝ ቱርቦ ነበር።

«ቀለም ቀብቼበት ነበርኮ» አልኩ።

«የት ላይ?»

አሳየሁት። ሳቀ።

«ይህ እኮ ምድጃ ነው እማማ! ዳገት ሲወጣ እንደ ፍም ነው የሚቀላው። እንኳን የጥፍር ቀለም ጥፍሩም አይተርፍ።»

ሾፌሩ አልሳቀም። ደብተሩን ያያል። «ቁጥሩን ለምን ፈለጉት፣ እትዬ?» አለኝ።

ደብተሩን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መካኒኩ ቱርቦውን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዘይት የሚገባበትን ቀዳዳ በሽቦ ሲጭር እንደ ከሰል የጠቆረ ቅርፊት ረገፈ። በጣቶቹ አሽቶ አሳየን።

«የጋለ ብረት ውስጥ ዘይት ሳይዘዋወር ሲቀር እንዲህ ይጋገራል።» ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ወዲያው ታጠፋለህ?»

«አጠፋለሁ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

«እንዴ፣ ሦስት ደቂቃ ሳታጠፋ ባለችበት ብታቆያት ምን ይነካሃል? ይሄን እኮ የባጃጅ ሾፌር ያውቀዋል። መንጃ ፈቃዱን ከገበያ ነው የገዛኸው?»

ሾፌሩ ኮፍያውን አጣጠፈው።

ባለፈው ዓመት ናፍታ ጠፍቶ ሰው ማደያ ተሰልፎ ያድር ነበር። ያን ጊዜ ነው፣ ጎማው እንደቆመ ሞተሩ ይጥፋ ያልኩት። ግቢያችን ዳገት ላይ ስለሆነ መኪናዋ ጭና እያቃሰተች ነው የምትደርሰው። በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሳያጠፋ ከቆየ በጃንጥላዬ እጀታ የካቢናውን በር አንኳኳለሁ። አንድ ቀን፣ «ትንሽ ትተንፍስ፣ እትዬ» አለኝ። «ትንፋሿ ናፍታ ነው፣ አጥፋ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልጠየቀኝም። ሰልፉ ከቀለለም በኋላ ትእዛዙን አላነሳሁም።

መካኒኩ የሾፌሩን ፊት አይቶ ሳይጠረጥር አልቀረም። በጌዴኦኛ ጠየቀው።

«እሷ ናት አይደል የምታስጠፋህ? ለምን አትነግራትም?»

«ተዋት» አለው ሾፌሩ፣ በጌዴኦኛው። «አሮጊት ናት። ምን ይጠቅማታል ብትሰማው?»

አርባ ዓመት በዲላ ኖሬያለሁ፤ ገበያ ከሴቶቹ ጋር የምከራከረው በጌዴኦኛ ነው። ቤት ውስጥ ግን ከአማርኛ ሌላ ስለማልናገር የማልሰማ መስሎታል።

ቦርሳዬ ክንዴ ላይ ከበደኝ። እሱ እንዲህ እስካለ ድረስ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ይቀራል፤ ደብዳቤውም ምክንያት አያጣም።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ የማይፈልገውን መፍቻ ይፈልግ ጀመር። ሾፌሩ ጌዴኦኛ እንደምሰማ ገባውና ኮፍያውን ጨበጠ።

«ቁጥሩን የፈለግኩትም ቱርቦውን ቀይረኸው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። በስምንት ዓመት እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

«ሐዋሳ የቆየሁት ጎማው ስላልደረሰ ነው። ደውዬ ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረኸኛል።»

«አላመኑኝም።»

«አላመንኩህም።»

ኮፍያውን አደረገና ወደ አስፋልቱ ወጣ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ቱርቦው መቼ እንደሚደርስ ጠይቄ በባጃጅ ተመለስኩ።

አምስት ቀን መኪናዋ ጋራዥ ቆመች። ጨለለቅቱ ያለው ቡና ተከምሮ ይጠብቃል። ሌላ ሾፌር ላምጣ ወይ ያሉኝ ነበሩ፤ ቆዩ አልኳቸው። እሱ ጋ አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ደብዳቤውን ቀዳድጄዋለሁ፤ ያ ግን ለማን ይነገራል?

በአምስተኛው ቀን ማታ መካኒኩ መኪናዋን ጨርሶ ግቢ አደረሳት፤ በስድስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እሱ ነበር።

«እንደምን አደሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። «በሰላም ግባ» አልኩት። «አሜን» ብሎ ሄደ።

አመሻሹ ላይ የመኪናዋ ድምፅ ከዳገቱ ሥር ተሰማኝ። ሳላስበው ጃንጥላዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጭና ደረሰች፣ ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም። ሾፌሩ መሪው ላይ ክንዱን አሳርፎ በመስታወቱ ያየኛል። ሦስት ደቂቃ አለፈ። ከዚያም በላይ አለፈ፤ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳቆያት ሁለታችንም እናውቃለን።

ጃንጥላዬን ወደ መሬት አድርጌ ራሱ እስኪያጠፋት ጠበቅኩ።