ሱሉልታ ላይ የገባሁት ቃል

ለካህን እንኳን ሳልናገር ያስቀረሁት ነገር ይህ ብቻ ነው። በየወሩ እናዘዛለሁ፤ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሐሜቴ፣ ጸሎት ስላስታጎልኩበት ቀን ሁሉ እናገራለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሐዘን የሚገባው ሌላ ሰው አለ።

ሰበታ ውስጥ የአንድ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ከዚያ በፊት ቡራዩ አማርኛ አስተምር ነበር። የሰበታውን፣ የቡራዩንና የሱሉልታውን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት ሲስተር የምንላቸው ደናግል ናቸው። ቁጥራቸው እየሳሳ ሲሄድ «ከእንግዲህ ምእመናን መምህራን ይምሩ» አሉና በካቶሊክ ትምህርት ቤት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ላኩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ እየሄድኩ ተማርኩ። ወድጄው ነው የተማርኩት። መሪ ማለት አገልጋይ ነው፣ ልጅ ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ነው፣ ሰው የጣለብህ አደራ ከሕንፃው ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ቅጣት ነበር። ዱላ ከቀረ ወዲህ መምህራን ልጆችን እንዴት እንደሚይዙ ለማወቅ በሦስቱም ከተሞች እየዞርኩ አነጋገርኳቸው። ሱሉልታ ያነጋገርኳቸው ሰው ኦቦ ለሚ ይባላሉ። ምክትል ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ሂሳብም ያስተምራሉ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ። ወላጅ ሁሉ ተቆጥቶ ሲመጣ የሚፈልገው እሳቸውን ነበር። ገበሬውን በኦሮምኛ፣ ነጋዴውን በአማርኛ አረጋግተው፣ አንዳንዴም አስቀው ይሸኙታል።

የዚያን ቀን የሱሉልታ ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጨው ነበር። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ስለ ዱላ ስጠይቃቸው ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ስሜ አይጻፍም አይደል?»

«አይጻፍም፣ ኦቦ ለሚ። ከእኔም አይወጣም።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። ለሚማሩት ይጥቀም።»

ከዓመታት በፊት፣ ሰና የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ ስትስቅ በጥፊ መቷት። ጆሮዋ ደማ። ለወላጆቿ «ስትጫወት ወድቃ ነው» አሏቸው፤ ልጅቷም ፈርታ ዝም አለች። በዚያ ጆሮዋ ዳግመኛ አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ላይ እጃቸውን አንስተው አያውቁም፤ ዱላ ከትምህርት ቤቱ እንዲወጣ ከሁሉ አብልጠው የታገሉትም እሳቸው ነበሩ። «ለወላጆቿ ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። አፌ እምቢ አለኝ» ብለው ፊታቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? «አይዞዎት» አልኳቸው። «ሄደው ይንገሯቸው» እንኳን አላልኩም። ከሱሉልታ ወረድኩ፣ ጽሑፌን ጨረስኩ፣ ካባ ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። ዓመት አለፈ። ዝም አልኩ። ስለ ሰና ጆሮ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ የሰበታው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አስፈለገው። ሦስቱን ትምህርት ቤቶች በበላይነት የሚመሩት ሲስተር አጸደ ቡራዩ መጥተው አስጠሩኝ።

«ለሚን ሰበታ ላመጣው ነው» አሉኝ። «አንቺ ምክትሉ ትሆኛለሽ። ከእሱ ብዙ ትማሪያለሽ። ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? የተማርኩት እኔ። ቅዳሜዎቼን የሰጠሁት እኔ። ልጆቼን ለጎረቤት ጥዬ የተንከራተትኩት እኔ። አሁን ደግሞ ምክትል? ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ሰና ትዝ አለችኝ። አዎ፣ ያን ጊዜ!

«ሲስተር፣ ስለ ኦቦ ለሚ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲስተር ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«በዚህ ሳምንት» አልኩ።

ኦቦ ለሚ ሲጠየቁ አልካዱም። ማን እንደተናገረባቸውም አልጠየቁም፤ ከእኔ በቀር ለማን ነግረው ያውቃሉ? ከሥራ ተሰናበቱ። የሰና ወላጆች እውነቱን ሰሙ። እኔ ሰበታ ገባሁ።

አሁን «የተናገርሽው እኮ እውነት ነው» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ! ልጅ መትቶ የዋሸ ሰው ትምህርት ቤት መምራት አልነበረበትም። ዛሬም ይህንኑ እላለሁ፤ ማንም አያስለውጠኝም። ግን ለሰና ብዬ ነው? ለሰና ብዬ ቢሆን በዚያው ቀን እናገር ነበር። ለቃሌ ብዬ ቢሆን እስከ መቃብሬ ዝም እል ነበር። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም። የአንዲት ልጅ ጆሮ ለወንበር እስኪጠቅመኝ ድረስ ደብቄ አቆየሁት።

ባለፈው ዓመት ሰና ራሷ ቢሮዬ መጣች። ትልቅ ሴት ሆናለች። ስታዳምጥ ጤነኛ ጆሮዋን ወደ ሰው ዘንበል ታደርጋለች።

«እርስዎ የተናገሩት ለእኔ ብለው ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው፣ ቲቸር?»

«አዎ» አልኳት። «ለአንቺ ብዬ ነው።»

ተነስታ አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት።

ከዚያ በኋላ ነው ተጂ ወደምትባለው ከተማ የሄድኩት። ኦቦ ለሚ እዚያ ከወንድማቸው ጋር ጤፍ ይነግዳሉ። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ዱቄት የነካውን እጃቸውን አራግፈው ጨበጡኝና በርጩማ ሳቡልኝ።

«ሰና ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ» አሉ። «እናቷ አባረረችኝ። ልክ ናት። ግን ከውስጤ ወጣልኝ፤ በዚያ በኩል ባለውለታዬ ነሽ።»

ዕንባዬ መጣ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰበታው ሹመት ባይመጣ ኖሮ ትናገሪ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ጤፉ ጆንያ መለስኩ። ጠበቁኝ። አልተቆጡም።

«እንግዲያው ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «የወሰድሽውን እንደያዝሽ ነው የመጣሽው። በደህና ግቢ።»

በሚኒባስ ስመለስ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። በእሳቸው፣ በሲስተር፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ሥራውን ልቀቂ ብላችሁ የምትፈርዱብኝ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ አልለቅም። ትምህርት ቤቱን በደንብ እመራዋለሁ፤ በእኔ ጊዜ ልጅ የነካ መምህር የለም። ይህን የምናገረው ግን ኃጢአቴን እንዲያጥብልኝ አይደለም። ይህ ሥራዬ ነው፣ ለዚህ ይከፈለኛል፣ በቃ። በመልካም ሥራ የተሸፈነ ክህደት ያው ክህደት ነው።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ የሚለምን ሰው ቢያንስ ከወሰደው ነገር ላይ ተነስቶ ይቆማል። እኔ ተቀምጫለሁ።